እናትሽን ማን ያያታል?

ውድ እናቴ መዲና፣

ይህን የምጽፍልሽ እንደማይደርስሽ እያወቅሁ ነው። በሕይወት እያለሽም ቢሆን የመጨረሻዎቹን ዓመታት ነገር ብነግርሽ አይደርስሽም ነበር። አጠገብሽ ተቀምጬ፣ እጅሽን ይዤ፣ «ዛሬ እኮ እንዲህ ሆነ» ብዬ ስጀምርልሽ ዓይንሽ እኔን አልፎ ግድግዳው ላይ ያርፍ ነበር። ድሮ ሱቃችንን ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ የቀኑን ወሬ መንገድ ላይ እንጨርሰው አልነበር? እንደዚያ አድርጌ የሆነውን ሁሉ ላውራሽ።

መርሳት የጀመርሽው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ሳሙና ለጠየቀሽ ጨው ትሰጪያለሽ፤ ሰው ሲስቅ አብረሽ ትስቂያለሽ። ኋላ ከወረታ ገበያ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ጠፋሽ። ወንድሜ ሳዲቅ ባሕር ዳር ወስዶ አስመረመረሽ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም አለን። ሳዲቅን ታውቂዋለሽ፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ዛሬ መተማ ነገ ሌላ አገር። እህት የለኝም። ሱቁን ዘግቼ በሐጂ አብዱልሃኪም የሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ሚዛን ላይ ተቀጠርኩ።

ጠዋት አጥቤሽ፣ አልብሼሽ፣ ቁርስ አጉርሼሽ ለጎረቤታችን ለእትዬ ጥሩብርሃን አደራ ብዬ እወጣለሁ። እሳቸውም እንደምታውቂው ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። ግን አንድም ቀን አልቻልኩም ብለውኝ አያውቁም።

ሥራ ቦታ ስለ አንቺ ለማንም አልተናገርኩም። የምድብ ኃላፊያችን ደሳለው ሲቀጥረኝ «ቤት የሚይዝሽ ነገር አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የለም አልኩት። ከእኔ በፊት ሚዛን ላይ የነበረችው ሴት አማቷን ልታስታምም እየቀረች ነው የተሰናበተችው። ይህን ሰምቼ እንዴት አለ እላለሁ? ስለዚህ ሌሎቹ ስለ ቤታቸው ሲያወሩ እኔ ቤት እንደሌለው ሰው ዝም እላለሁ። ሌሊቱን ስትጮኺ አድረሽ ጠዋት ዓይኔ ደም ለብሶ ስገባ «የገለባው አቧራ ነው» እላቸዋለሁ።

ያ ቀን ክረምት ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጥቶ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያለው የሩዝ ማሳ ሁሉ ውኃ ሆኗል። እትዬ ጥሩብርሃን ማድቤት ገብተው እስኪወጡ አንቺ በሩን ከፍተሽ ሄደሻል። ደወሉልኝ። መፈልፈያው ውስጥ ስልክ አይገባም፤ ጠዋት ለዘበኛው አስረክበን ነው የምንገባው። ስልኬ የዘበኛው ሣጥን ውስጥ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው ጭቃውን እየረገጡ እስከ መፈልፈያው በር መጡ። ዘበኛው ለደሳለው ነገረው። ለአዲስ አበባ የሚሄድ መኪና እየተጫነ ነበር፤ ሚዛኑን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

«መኪናው ይጫንና ትሄዳለች» አለ ደሳለው።

ለእኔ የነገረኝ የለም። እናቴ፣ ያን ሰዓት እኔ ከተሸካሚዎቹ ጋር እየተቀላለድኩ ነበር። እየሳቅሁ ነበር።

መኪናው ከግቢ ሲወጣ ደሳለው መጥቶ «ጎረቤትሽ በር ላይ ናቸው፤ እናትሽ ከቤት ወጥተዋል መሰለኝ» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ባጃጅ ተራው ላይ አንዱ ልጅ አይቶሻል። ጥቅልል ጨርቅ በራስሽ ተሸክመሽ በጎንደር መንገድ ስትሄጂ ወዴት ነው ቢልሽ «ይፋግ ገበያ» ብለሽዋል። ልጃገረድ እያለሽ ከአያቴ ጋር የምትነግጂበት ገበያ ነው። እግርሽ እሱን አልረሳም።

ያገኘሁሽ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ካለ ገበሬ ቤት ነው። ባልየው ማረው፣ ሚስትየዋ አገኘሁሽ ይባላሉ። እርጥብ ልብስሽን አውልቃ የራሷን ቀሚስ አልብሳሽ፣ ጋቢ ደርባልሽ እሳት ዳር አስቀምጣሻለች። ጥርስሽ ይንገጫገጫል። እኔን አየሽኝና መልሰሽ ወደ እሳቱ ዞርሽ።

«እናትሽ ናቸው?» አለችኝ አገኘሁሽ።

«አዎ።»

«አንቺ ነሽ ሂክማ ማለት?»

«እኔ ነኝ። ማን ነገረሽ?»

ባሏን አየችው። ማረው አቀርቅሮ ነበር። «ማሳው መኻል እስከ ወገባቸው ገብተው ቆመው አገኘናቸው» አለኝ። «ብዙ የቆዩ ይመስላሉ። እጄን ስሰጣቸው እምቢ አሉ። ሂክማ ትመጣለች፣ ሂክማ ናት የምታወጣኝ እያሉ ይጣራሉ። አቅም ሲያንሳቸው ነው ተሸክመን ያወጣናቸው።»

እናቴ፣ ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርተሽው አታውቂም። ከዚያ በፊት እኮ አንዳንድ ጠዋት፣ ፀጉርሽን ሳበጥርልሽ፣ ድንገት «ሂክማ» ትይኝ ነበር። በዚያች ቃል ነበር ሳምንቱን የምገፋው። የመጨረሻውን የጠራሽኝ ውኃ ውስጥ ቆመሽ ነው፣ እኔ ደግሞ ሩዝ እየመዘንኩ ነበር። የሰሙሽ ሁለት የማያውቁሽ ሰዎች ናቸው።

በማግስቱ ለሳዲቅ እንኳ ሳልነግር ሐጂ ቢሮ ገባሁ።

«ሥራውን ልለቅ ነው» አልኳቸው።

«ምን በደልንሽ?»

ነገርኳቸው። የተናገርኩት በቁጣ ነበር። የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር አቁመው አዳመጡኝ።

«አንቺ እዚህ ስትውዪ እናትሽን ማን ያያታል?» አሉኝ።

ከተቀጠርኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቁጣዬ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ሻሼን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ብትለቂ በምን ትኖራላችሁ?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ። ምን ቢደረግልሽ ነው ሥራሽንም እናትሽንም መያዝ የምትችዪው?»

አስቤው አላውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ስልኬ ከእኔ ጋር ይሁን አልኳቸው። ቀትር ላይ ቤት ደርሼ አብልቻት ልመለስ። ሌሊቱን ስትታመምብኝ ካደረች ጠዋት አርፍጄ ልግባና ማታ ላካክሰው። ሚዛኑን ሌላ ሰው ይልመደው፤ እኔ ብጠራ ሥራው አይቁም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ሐጂ።»

ተነሡ። ሥራውን አስቁመው ሁላችንንም ሰበሰቡን። ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። «ቤቱ የሚያስታምመው ሰው ያለው ይንገረኝ» አሉ። «የነገረኝ ሰው በዚህ ምክንያት አይሰናበትም። የደበቀኝን ግን ልረዳው አልችልም።» ከእኔ በፊት የነበረችውንም ሴት አስፈልገው እንደሚጠሯት ተናገሩ፤ ጠሯትም፣ ግን እሷ ከወረታ ወጥታ አንበሳሜ ገብታ ስለነበር አልመጣችም።

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ የተናገረው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ደሳለው ነው።

«ልጅ አለችኝ» አለ። «አትራመድም፣ አትናገርም። አድጋለች፤ ሚስቴ ብቻዋን እያነሣቻት ወገቧ ተጎዳ። ቢታወቅብኝ ኃላፊነቱ ይወሰድብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከእሱ በኋላ ሌሎቹም መናገር ጀመሩ፤ አንዱ ዓይነ ስውር አባቱን፣ አንዷ የአእምሮ ሕመምተኛ ወንድሟን። ለካ ስንቶቻችን ነን ጠዋት ጠዋት በዚያ በር እየተደባበቅን የምንገባው።

ስንበተን ደሳለው ተከተለኝ። «ሂክማ፣ ያን ቀን እኮ...»

«ተወው» አልኩት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ግን ሚዛኑን የለመደው እሱ ራሱ ነው። ቀትር ሲሆን መጥቶ አጠገቤ ይቆማል፤ አንድም ቀን አስታውሼው አላውቅም። ዛሬም ይቅር ብዬው ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጁን ግን ሄጄ አይቻታለሁ። የሚያምር ፈገግታ አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አንቺ በአልጋሽ ነው ያሳለፍሽው፤ ውኃው እግርሽንም ይዞት ሄደ። ቀትር ስመጣ እኔን የሱቁ ሠራተኛ አድርገሽኝ ነበር። «ጨው አለቀ፣ አስመጪ» ትይኛለሽ፤ እሺ እላለሁ። አንድ ቀን ምሳሽን እያጎረስኩሽ እጄን ያዝሽው።

«አንቺ ልጅ፣ እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ደህና ናት?»

«ታማለች።»

ተቆጣሽ። ድሮ ስትቆጪ እንደነበረው ግንባርሽ ተቋጠረ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ። ሂጂ፣ እናትሽን እያት።»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። ደጅ፣ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። እትዬ ጥሩብርሃን አይተውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። ፊቴን ጠርጌ ስመለስ እየጠበቅሽኝ ነበር።

«እናትሽ እንዴት ሆነች?»

«ደህና ናት። ምሳዋን በላች።»

«አልሐምዱሊላህ» አልሽ፤ ትራስሽን ተደግፈሽ ተኛሽ።

እኔን ረስተሽኝ እንኳ ለእናቴ ያሰብሽው አንቺ ነሽ።

የሄድሽ ቀን ሩዝ እየገባ ስለነበር ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ስልኬ ጠራ። እትዬ ጥሩብርሃን «ነይ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ቀና ስል ደሳለው ሚዛኑን ይዞታል። እስትንፋስሽ ሳለ ደረስኩ። ራስሽን ጭኔ ላይ አድርጌ የእምነታችንን ቃል፣ ሸሀዳውን፣ በጆሮሽ አልኩልሽ። ከንፈርሽ ተከተለኝ፤ ቃል በቃል፣ አንዲት ሳታጎድዪ። ስሜን ስትረሺ እሱን አልረሳሽም። ደስ ብሎኛል፣ ደግሞም አንጀቴ ተቆርጧል፤ ሁለቱንም አብሬ ነው የተሸከምኩት።

ጀናዛሽን ሐጂ መፈልፈያውን ዘግተው ከሠራተኞቹ ሁሉ ጋር አጀቡት። ሳዲቅ ከመንገድ ደርሶ አፈር አለበሰሽ። ሐጂ «ሐዘንሽ እስኪበርድልሽ አትምጪ» አሉኝ። ባዶ ቤት አልቻልኩትምና ተመለስኩ።

ዛሬ ውባንቺ የምትባል ልጅ ሥራ ልትጠይቅ መጣች። ገና ስሟን ሳትናገር «አባቴ አልጋ ላይ ነው፤ የማየው እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው» አለች፣ ቀና ብላ፣ ምንም ሳትፈራ። ሐጂ ከእኔ ጋር ሚዛን ላይ መደቧት። ቀትር ሲሆን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባቷ ሄደች። መንገዱን እስክትሻገር በዓይኔ ሸኘኋት። የቀናሁባት ይመስለኛል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሁሉም ወጥቶ ግቢው ጭር ሲል እኔ የምሄድበት አልነበረኝም። ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩልሽ።

እናቴ፣ አላህ ይዘንልሽ፣ ጀነትን ይወፍቅሽ። እዚያ ማንም ምንም አይረሳም ይላሉ። እስክመጣ ጠብቂኝ።

ልጅሽ ሂክማ
ወረታ