ለእማዬ የላላው ሞላ

ይድረስ ለማትረሺኝ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ የአከራይሽ ጭቅጭቅ እንዴት ይዞሻል? እኛ ይኸው አለን። እማዬ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም ብለሽ ጻፊላት" ብላኛለች። እንዳለችው ጽፌልሻለሁ። የቀረውን ግን የምጽፈው እሷ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ጠብቄ ነው። ስትደውዪ "እሺ፣ እሺ" ብቻ የምልሽ አኩርፌሽ አይደለም። አጠገቤ ሆና ስለምታዳምጠኝ ነው።

ትተሽልኝ የሄድሽው ትንሽ ሞተር ሥራ አግኝታለች። እማዬን ሐኪም ቤት የማመላልሰው በእሷ ነው። ታክሲ ውስጥ መገፋፋቱን አልቻለችውም። ችግሩ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው። አስፋልቱ ተቦዳድሶ አልቆ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ሞተሯ ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ለጀማሪ የተሠራች ናት። ሞላዋ አርጅቶ ሁለት ሰው ሲቀመጥባት ኋላዋ ቁጢጥ ይላል፣ ፍሬን ስይዝ በአፍንጫዋ ትደፋለች። በየጉድጓዱ እማዬ ከኋላዬ ስታቃስት ይሰማኛል። ምነው ስላት "መዝሙር እያንጎራጎርኩ ነው" ትለኛለች። እትዬ፣ መውደቁን እንደዚያ ድምፅ አልፈራውም። ሐኪም ቤት የምንሄድበት ቀን ሲቃረብ ምግብ አልበላ ይለኛል።

ስለዚህ ሞተሯን ጋሽ ብሎን ዘንድ ወሰድኳት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ጥግ ላይ ጋራዥ የከፈቱት ሰውዬ ናቸው። ኪሳቸው በብሎን ስለሚንቃጨል ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። የፊት ጎማውን በያዙት ሁለት ቱቦዎች ውስጥ የነበረውን፣ ውሃ የሆነ ዘይት ደፍተው ወፈር ያለ ሞሉበት። ከኋላም አዲስ ሞላ ገጠሙላት። ከሞላው ሥር ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። ሲጠብቅ ሞላው ይጠነክራል፣ ሲላላ ይለሰልሳል። ጋሽ ብሎን ግን የሚሳፈሩት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ካልተቀመጡ ያንን ቀለበት አይነኩም። ልብስ ሰፊ የሌለ ሰው ይለካል እንዴ፣ ይላሉ።

እማዬ በዚያ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ትልቁን ቦርሳዋን ታቅፋ መጣች። እኔ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት እግሬን አንስቼ መቀመጥ አፍሬ ስቅለሰለስ፣ ሙሽራ መሰልሽ እኮ ብላ አሳቀችብኝ። ጋሽ ብሎን ቦርሳውን እንድታስቀምጥ ቢለምኗት ወይ ፍንክች አለች።

"የምሄደው ከነቦርሳዬ ነው፤ ከነቦርሳዬ ይለኩኝ።"

እሳቸውም ስቀው በጎማውና ከላዩ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው፣ መሃል ያለውን ክፍተት በጣታቸው ለኩና ቀለበቱን አጠበቁት። ቤት ስንደርስ ቦርሳውን ልቀበላት ብል ክንዴን ሊገነጥለው ደረሰ። ውስጡ ካውያውና የብረት ሙቀጫው ነበሩ። ካውያውን ላስጠግን ብዬ ረሳሁት አለችኝ። ስለ ሙቀጫው እኔም አልጠየቅኳት፣ እሷም አልነገረችኝ።

ሐኪም ቤት የሄድን ዕለት ቦርሳዋ ውስጥ ከካርዷና ከውሃዋ በቀር ምንም አልነበረም። ሞተሯ ገና ከሰፈር ሳንወጣ ትዘል ጀመር። ቁልቁለቱ ላይ አንዱን ጉድጓድ ስንመታ ከኋላዬ ያለው ባዶ ሆነ። እትዬ፣ ባዶ። እጇ ከወገቤ ለቆ ነበር። ወዲያው ጃኬቴን ጨምድዳ ይዛ በጎኗ ተመልሳ ወደቀችብኝ። እንዴት እንዳቆምኩ አላውቅም። እማዬ "ፍየል ላይ ነው እንዴ የጫንሽኝ?" ብላ ሳቀች፤ ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል። አቅፌ ሳወርዳት ክንዴን ምንም አልከበደችውም። ሙቀጫው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐኪም ቤት ቆይተን፣ ስንመለስ ያንን ቁልቁለት ሞተሯን እየገፋሁ፣ እሷም ትከሻዬን ተደግፋ በእግራችን ወጣነው። በማግስቱ ብቻዬን ጋራዥ ሄድኩ። በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ጋሽ ብሎን ሲያዩኝ ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ሞላውን ያላሉልኝ አልኳቸው። ለስንት ኪሎ ቢሉኝ ቁጥሩን አላውቀውም፤ የማውቀው በክንዴ ነው። ጥግ ላይ አሮጌ ባትሪዎች ተከምረው ነበር። ጆንያ ለመንኳቸውና ባትሪ እየጨመርኩ፣ አቅፌ እያነሳሁ፣ ሲበዛ እያወጣሁ፣ ክንዴ "እሷ ናት" እስኪል ድረስ ለካሁ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተሳሳቁብኝ። ጋሽ ብሎን በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ጆንያውን ከእጄ ተቀብለው መዘን አደረጉት።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የልጅ ክብደት ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። እኔን ከፊት፣ ጆንያውን ከኋላ አስቀመጡ። ማፈሬንም የረሳሁት ያን ዕለት ነው። ቀለበቱን አላልተው አላልተው መጨረሻው ጥርስ ላይ ሲደርስ መፍቻውን አስቀመጡና ከዚህ ወዲያ የለም አሉኝ።

አሁን ሞተሯ እንደ አልጋ ናት። ባለፈው ስንሄድ እማዬ አላቃሰተችም። ቁልቁለቱን ስንጨርስ መንገዱን ጠገኑት እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ጠገኑት አልኳት። ጎሽ፣ አበጁ ብላ ጭንቅላቷን ጀርባዬ ላይ አስደገፈች። ታውቅብኛለች ብዬ እፈራለሁ፣ አታውቅም ብዬም እፈራለሁ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ትልቅ ሰው ቤት የለም ወይ አለኝ። እህት አለችኝ አልኩት።

እትዬ፣ የዓመት ፈቃድሽን አትጠብቂ። ጻፈችልኝ አትበያት፤ ናፍቄያችሁ ነው በያት። ስትደርሺ በሩ ላይ ትንሽ ቆም በዪና ፊትሽን አስተካክለሽ ግቢ። ስታቅፊያት ጠበቅ አታድርጊያት።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ለመገናኘት ያብቃን።

በር በሩን የምታይ ታናሽሽ