የጦስኝ ዘይትና የዘይነባ እጆች

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ ከቀኑ 9 ሰ.

ሴሎቹን መገብኩ፣ ማሞቂያ ሣጥኑን ዘጋሁ። ጓንቴን ገና ማውለቄ ነው፣ ማስታወሻዬ፤ ስሚኝማ። ጦስኙ ሠራ! ከወሎ ያስመጣሁት፣ ዘይቱን በእንፋሎት ያወጣሁለት። ሴሎቹን በባክቴሪያ ቁራጭ አስቆጣኋቸው፤ የብግነት መልእክታቸውን መርጨት ጀመሩ። ዘይቱን ጨመርኩ። ቀነሰ። ከፍተኛው መጠን ላይማ ጭጭ! አማካሪዬ ዶ/ሯ ማሻአላህ አለችኝ። ሐሙስ ለክፍሉ አቀርባለሁ። ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸውን ማየት ብቻ ቀርቶኛል። እሱ ረቡዕ ይደርሳል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ከቀኑ 11 ሰ.

ነሲም ከሚባለው ሰፈር መመለሴ ነው። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ከምትሠራበት ቤት። ማዳሟ በር ላይ አሥር ደቂቃ ፈቀደችልን። በረኪናው ጣቶቿን አቅልቶ አሳብጧቸዋል፤ መጨበጥ አቅቷታል። መጥረጊያ መያዝ ካቃተሽ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ ተብላለች። የጦስኙን ዘይት ብልቃጥ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ልጅ ሆነን ዳማከሴ እንደምንታሸው እሺበት አልኳት። እንደኔ የተማረች እህት ያላት ማን አለ ብላ ሳቀች። አውቶቡሱ ላይ ለብቻዬ ፈገግ ስል ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ከጠዋቱ 4 ሰ.

ቢጫ። ማስታወሻዬ፣ ቢጫ! ሕያው ሴል ቢጫውን ቀለም ሐምራዊ ያደርገዋል። ጭጭ ያሉት ግን ቢጫ እንደሆኑ ቀሩ። ዘይቱ አላበረዳቸውም፤ ገድሏቸዋል። የሞተ ምን ብሎ ይቆጣል? እኔ ደግሞ ጮቤ ረግጫለሁ። ሐምራዊ የሆኑት ዝቅተኛው መጠን ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ብግነታቸውም የቀነሰው በትንሹ ነው።

ምን ነካኝ? እናታችን የምታሸን ቅጠሉን ነበር። ብልቃጧ ውስጥ ያለው የአንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጦስኝ ዘይት ነው። አቅጥኚው እንኳ አላልኳት። እኔ በጓንት የምነካውን በባዶ እጇ ትታሸው ብዬ ሰጠኋት!

ደወልኩ። አታነሳም፤ ሥራ ላይ ስትሆን ስልኳ ማዳሟ ጋ ነው። በድምፅ ላክሁላት፦ ተይው፣ እጅሽን ታጠቢ።

7 ሰ.

ለዶ/ሯ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ዝቅተኛውን መጠን ድገሚው፣ የሐሙሱ ይቅር አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

9 ሰ.

ዘይነባ መለሰች። ድምጿ ደስታ በደስታ ነው። ትናንት እንደ እሳት ሲያቃጥላት ዋለ፤ መድኃኒቱ በሽታውን እያወጣው ነው ብላ እየደጋገመች ታሸችው። ቆዳው ትንሽ ተልጧል። ዛሬ ግን፦ «ኸላስ፣ እህቴ፣ ጭጭ አለልኝ። ብቆነጥጠው እንኳ አይሰማኝም። አልሐምዱሊላህ።»

ሁለቴ ሰማሁት።

ማዳሟ ብልቃጡን ለዘይነባ የሰጠሁት እኔ መሆኔን ካወቀች ሁለተኛ በሩን አትከፍትልኝም። ይሁን። ራሴ ነኝ የምነግራት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትውሰዳት። ታክሲው ደርሷል።