የ«ሦስት ዙር» የሕይወት ጉዞ

እናታችን በተወለዱበት ዕለት ቤቱ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና ስድስት ልጆች ነበሩት፤ ሰባተኛዋ እሳቸው ሆኑ። ከአናጢው አባታቸው ለክቶ መቁረጥን፣ ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የተበላሸ ስፌትን ሳይበሳጩ መተርተርን ተማሩ።

ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ፣ በሃያ ዓመታቸው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። አሥር ወንዶች ነበሩ፤ አሥራ አንደኛዋ እሳቸው። ማሽን እምቢ ሲላቸው እንደ ሌሎቹ አይራገሙም፤ መፍቻቸውን አስቀምጠው ይወጡና ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ዞረው ይመለሳሉ። ስድስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ባልደረቦቻቸው «ሦስት ዙር» አሏቸው፤ ስሙም ጸና።

አንድ ቀን የበር ጠባቂው፣ «እህቴ፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ እንዴ?» ቢሏቸው፣ «አዎ፣ ትዕግሥቴ» ብለው አለፉ። ጠባቂው በማግሥቱ «ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው የጽሕፈት መኪናዎቹ በኮምፒውተር ተተኩ። የአዲሱን ጥገና ፈተና በሦስት ሙከራ ያላለፈ እንደሚሰናበት ተነገረ። አባታችን በወገብ ሕመም ሥራ አቁመው ስለነበር ቤቱ የሚኖረው በእናታችን ደመወዝ ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቁ። ዞረው ተመለሱና የሳቱትን ጥያቄ አንድ በአንድ ጽፈው ያጠኑ ጀመር። ሁለተኛውንም ወደቁ። ወጣቱ የክፍል ኃላፊ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን አደከመዎት?» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ እኮ ነኝ» አሉ። ሦስተኛውን ከመቶ ሰማንያ አንድ አምጥተው አለፉ፤ ተስፋ ቆርጠው የቀሩ ሁለት ባልደረቦቻቸውንም ጎትተው፣ አስጠንተው አብረው አሳለፉ። ከዚያም አሥራ አራት ዓመት አገልግለው በክብር ጡረታ ወጡ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። በተኙበት ሆስፒታልም ኮሪደሩን በየጠዋቱ ሦስት ጊዜ ይዞሩ ነበር፤ ነርሶቹም ይቆጥሩላቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሁለት ዙር ጨርሰው ትንሽ ልረፍ ብለው ጋደም እንዳሉ፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ደክሟት የማያውቅ ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በሰላም ያሳርፍልን።

የቀረቻቸውን አንድ ዙር ዛሬ ጠዋት ቤተሰቡና የድሮ ባልደረቦቻቸው፣ አባታችንም በከዘራቸው፣ በመሥሪያ ቤታቸው ሕንፃ ዙሪያ ዞርንላቸው። ሰባት ደቂቃ ፈጀብን፤ እሳቸው በሁለት ይጨርሷት ነበር።