ከመድረኩ ሥር ስለሚደፋው የሻይ አተላ

ለተከበሩ የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ ስለሆኑ ደብዳቤዬን ለሌላ ሰው አልጻፍኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለጨጓራዎ ሰላም እመኛለሁ፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ያን ሁሉ ኬክ የሚቀበል ሆድ ምርቃት ያስፈልገዋልና።

እኔ የአልባሳት ክፍል ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌን ይታገሱኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሻይ ግብዣዎ አመሰግናለሁ። ስንቱ ተዋናይ እንባውን ባፈሰሰበት መድረክ ላይ ጠረጴዛ ደርድረው፣ እንግዳው ለአዳራሹ ጀርባውን ሰጥቶ ጣቱን እንዲልስ ማድረግዎ ትልቅ ፈጠራ ነው። ባዶዎቹ ወንበሮች ስላላጨበጨቡ ይቅር ይበሏቸው።

ሁለተኛ፣ አስተናጋጆቹን የንጉሥ ካባ አልብሰው ሻይ ማስቀዳትዎ ያስደንቃል። ንጉሡ ትሪ ይዞ ባጎነበሰ ቁጥር ብብቱ ይተረተራል፤ እኔም እሰፋለሁ።

ሦስተኛውን ግን በቀልድ ማለፍ አቃተኝ። ከመድረኩ ፊት፣ ከወለሉ በታች አንድ ጠባብ ጉድጓድ አለ። ሟቹ ባለቤቴ ዕድሜውን የፈጀው እዚያ ተቀምጦ ነው፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ከሥር ሆኖ በሹክሹክታ ያቀብል ነበር። ልምምድ በሌለ ጊዜ አጠገቡ አስቀምጦ ሀ ሁ ያስቆጠረኝም እዚያው ነው። ስሜን መጀመሪያ የጻፍኩት በጉድጓዱ የእንጨት ግድግዳ ላይ ነው። በቀደም ካባ ላደርስ ስመጣ አንዱ አስተናጋጅ የሻይ አተላ፣ የሎሚ ልጣጭና ሰው ነክሶ የተወውን ኬክ እዚያ ሲገለብጥ አየሁት። «ምነው ልጄ?» ስለው፣ «እማማ፣ ጉድጓድ አይደል እንዴ? አለቃ ናቸው ያሳዩን» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የባለቤቴ ወንበር ላይ ክሬም ሻግቶ ትል ይርመሰመስበታል። ስሜ በአተላ ተሸፍኗል። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

አስጠርገው እንዲከድኑት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለመንኩ፤ «እናያለን» አሉኝ። እነሆ፣ ሻጋታው ሲያድግ አብረን እያየን ነው። ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ስኳርዎ አይጉደል፣ እንግዳዎ አይታጣ፣ አፍንጫዎም እንደተደፈነ ይኑርልዎ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የዚያ ጉድጓድ ሰው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት የላኩልኝን ካባ ብብቱ እንደተቀደደ መልሼዋለሁ። ንጉሥዎ ገላውን እያሳየ ሻዩን ይቅዳ፤ እኔ ከእንግዲህ መርፌ አላነሳለትም።