የመስኮቱ ውሃ የማን ነው?

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ዛሬም ጠዋት አዲሱን መስኮት ከውስጥ ሲንጠባጠብ አገኘሁት። ከተገጠመ ገና ሁለት ወሩ ነው። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ሻግቷል፤ ባለፈው ሳምንት መዳፍ ታህል የነበረችው ጥቁር እድፍ አሁን ትራስ አክላለች። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አስም አለባት። እዚህ ክፍል ስትገባ ያፍናታል፣ ስትወጣ ይሻላታል።

ልጃችን ብርቄ ከሉማሜ ደወለች። «አባባ፣ እስከ ቅዳሜ ካልደረቀ እማዬን መጥቼ እወስዳታለሁ።» መወሰኗ ነው። በዚህ ቤት የምወስነው እኔ ነኝ።

መስኮቱን የገጠመውን ደረሰን አስጠራሁት። በጣቱ ነካ አደረገና «ዝናብ አይደለም አባቴ፣ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው» አለኝ።

«ትንፋሼ በሰባ ስድስት ዓመቱ ግድግዳ ማበላሸት ጀመረ?»

ሳቀ። አባረርኩት።

ማክሰኞ 15

ትናንት ሳይጨልም መስኮቱን ከውጭ በላስቲክ ሸፍኜው ነበር። ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ላስቲኩ ሥር ደረቅ፤ ከውስጥ ግን ያው ውሃ። ቢሆንም በአንድ ሙከራ ለደረሰ አልፈርድለትም። ከቄስ ትምህርት በላይ ባልማርም ይህን አውቃለሁ።

ረቡዕ 16

ሁለታችንም ሳሎን አደርን። መኝታ ቤቱን ባዶውን ዘግቼው ጠዋት ገባሁ። መስታወቱን ሦስት ጊዜ በጣቴ አሻሸሁት። ደረቅ።

ትንፋሽ ነው።

የድሮው የዋንዛ መስኮት በየስንጥቁ ነፋስ ያሳልፍ ነበር። አዲሱ አያሳልፍም። ደረሰ ጣሪያው ሥር ያለችውን ቀዳዳ እንተዋት ሲል፣ «መርፌ የምታህል ነፋስ እንዳትገባ፣ ድፈናት» ያልኩት እኔ ነኝ። ለጥሩወርቅ ብዬ ነበር። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ለደረሰ አልነግረውም።

ሐሙስ 17

ቀዳዳዋን በመሮ ከፈትኳት። መስኮቱንም ከፈትኩ። ጥሩወርቅ ጮኸች።

«አንቱ! በነፋስ ሊገድሉኝ ነው? አርባ ዓመት ዝጉ፣ ዝጉ ሲሉ የኖሩት ማን ሆኑና!»

እውነቷን ነው። ሌላ ጋቢ ደረብኩላት።

ጎረቤታችን በአጥር በኩል «ኧረ ብርድ ይመታታል!» አለች። «ብርዱን ወደ እኔ ላኪው» አልኳት።

ዓርብ 18

አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ሻጋታውን በበረኪና ፈተግሁት። ጥሩወርቅ ሳሎን ተቀምጣ አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ጉልበቴን እየጠራች ስትሰጋ ዋለች። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ባርቀው ከኋላው ሌላ ጥቁር። ያንንም ፈተግሁ። ክፍል ውስጥ እርጥብ ልብስ የምናሰጣበትን ገመድ ቆረጥኩ።  

ቅዳሜ 19፣ ገብርኤል

ብርቄ ረፋድ ላይ ደረሰች፤ ባጃጁን በር ላይ አስቁማለች። ግድግዳውን ዳሰሰች። መስታወቱ ጥግ ላይ ትንሽ ጤዛ ነበረ፤ አልደበቅኩም።

«ቢያንስ ስትተኛ መስኮቱን ይዝጉት።»

«አልዘጋም።»

«በእርስዎ ግትርነት እናቴ ትሙት?»

ጥሩወርቅ ከአልጋዋ ቀና አለች። «እኔን የሚጠይቀኝ የለም?»

ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን።

«አንድ ሳምንት እዩኝ። ካፈነኝ በራሴ እግር እመጣለሁ። ባጃጁን ሸኚው።»

ብርቄ ሳትወድ ሸኘችው።

ክረምቱ ገና ነው። ግድግዳው ተመልሶ ይጠቁር እንደሆነ አላውቅም። ጥሩወርቅ ግን ስለ ብርዱ ስትነዘንዘኝ ዋለች፤ ሳታርፍ፣ ሳትስል። ሰኞ ዕለት አንድ ነገር ተናግራ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ትንፋሿ ይቆረጥ ነበር።

ትነዝንዘኝ። አልዘጋም።