የሾፌሩ በር

ቢቸና፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለዘመነ ፋንታ፤ ጅግጅጋ

ልጄ ሆይ፣ እንዴት ሰነበትህ? ያ አገር ነፋሱ ይበረታል ይላሉ፤ ደረትህን ጠብቅ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትህ ወይንእሸት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ደዌ የለባትም። ጤፉ ዘንድሮ ዛላው ከብዶ ተኝቷል፤ ያለወቅቱ ዝናብ እንዳይመታው እንሰጋለን።

የምጽፍልህ ስለ ቮልሷ ነው። አያትህ የገዟት ያቺ ሰማያዊ መኪና ስምንት ዓመት ሙሉ ጓሮ ቆማ ዶሮ ስትታቀፍባት ኖረች። ባለፈው ሰኔ የእኅትህ የብሩክታይት ባል እዮብ መጥቶ «አባባ፣ ቮልሷን ላሳድሳት» አለኝ። እዮብን አታውቀውም፤ የተጋቡት አንተ ከሄድህ በኋላ ነው። ውሃ ቢሮ ይሠራል፤ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ደግሞ፣ ታውቀኛለህ፣ እንቅልፍ ይነሣኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ በፈተና ቀን ከሁሉ ጸጥ የሚለው የሚኮርጀው ነው።

«ለምን ታሳድሳታለህ?» አልሁት።

«እንዲሁ» አለኝ።

እንዲሁ ብሎ ለአሮጌ ብረት የሚደክም ሰው አይቼ አላውቅም። ከአዲስ አበባ እየመጡ የድሮ ቮልስ የሚለቅሙ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ፣ መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና ሞጣ ከመሄዷ በፊት በሚስማር በየአካሏ «ፋ» የምትል ፊደል ጫርሁ። ከኮፈኗ ውስጥ፣ ከሁለቱ በሮች ጠርዝ፣ ጎማ ከሚጋርዱት ከአራቱም ፓራፋንጎዎች ሥር። እናትህ አይታኝ «አንተ ሰውዬ፣ የልጅህ ባል ነው እኮ» አለችኝ። መጫሬን ቀጠልሁ።

ሞጣ ላይ ምንይሉ የሚባል ላሜራ ቀጥቃጭ አለ። እዮብ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ያግዘዋል። ሲመለስ እመረምረዋለሁ። «ኮፈኑ በስብሷል አባባ፣ የሾፌሩም በር አልቆለታል፤ ምትክ እየፈለግን ነው» ይለኛል። «የት?» እላለሁ። «ደብረ ወርቅ አንድ ግቢ ውስጥ የወደቀች ቮልስ ነበረች፤ ባለቤቱ አልሰጥም አለን።» ለማንም ሳልናገር ሰኞ ዕለት ደብረ ወርቅ ሄጄ ሰውየውን ጠየቅሁት። እውነት ነበር። ይህም ልቤን አላሳረፈውም፤ ጎበዝ ዋሾ ከአሥር ቃል ዘጠኙን እውነት ያደርጋል።

ጥቅምት ላይ የእዮብ ሞተር ብስክሌት ጠፋች። በእግሩ ሥራ ሲገባ አየሁትና «ሞተርህስ?» ብለው «ተበላሽታ ነው» አለኝ፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ጣለ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ስጦታው ከሞጣ ሲመለስ «አማችህን ከአንድ የአዲስ አበባ ሰው ጋር ስለ ቮልስ በር ሲዋዋል አየሁት» አለኝ። ከዚህ ወዲያ ምን እጠብቃለሁ? ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶብስ ሞጣ ገባሁ።

መኪናዋ ስቱኮ ተቀብታ፣ ግራጫ ሆና ቆማለች። ኮፈኗ ሌላ ነው። ወደ ሾፌሩ በር ሄጄ ጠርዙን በጣቴ ዳሰስሁ። «ፋ» የለችም። ደግሜ ዳሰስሁ። የለችም። እዮብ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ «አባባ፣ እንዴት መጡ?» አለኝ።

«ሌባ!» አልሁት። ጋራዡ ሁሉ ዞሮ አየን። «የአባቴን በር ለማን ሸጥኸው?»

ምንይሉ መዶሻውን አስቀምጦ ቀረበኝ። «አባቴ፣ በሩን ነው የሚፈልጉት? ይምጡ» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። በራችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ታችኛው ጎኑ ዝገት በልቶት ወንፊት መስሏል። ጠርዙ ላይ «ፋ» አለች።

«ከዚህ ላይ ምን ይሰረቃል?» አለኝ። «ልጁ ሞተሩን ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ሰጥቶ ነው ኮፈንና በር ያገኘው። አሁን ደግሞ እጅዎን ወደ በሩ ሆድ ይስደዱ። ትናንት አንድ ነገር አግኝቼበት ለእዮብ ስደውልለት፣ ‹ከእኛ እጅ ቢቀበሉ አያምኑም፤ ራሳቸው ያውጡት፣ አንተ ወደ ነበረበት መልሰው› ስላለኝ መለስሁት።»

እጄን ሰደድሁ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ነካሁ። የመኪናዋ ሊብሬ ነው።

ዘመነ፣ አንተ ታስታውሳለህ። ከስምንት ዓመት በፊት ያ ነጋዴ መኪናዋን ሊገዛ መጥቶ ከአንተ ጋር ሲያወራ አየሁ፤ በሳምንቱ ሊብሬው ጠፋ። ሸጠኸዋል ብዬ በኪዳነ ምሕረት ደጅ፣ በሽማግሌ ፊት ማል አልሁህ። ማልህ። በሐሰት ማልህ ብዬ ፊቴን አዞርሁብህ። በማግስቱ ሄድህ።

ያን ሊብሬ ይዤ እንኳ ልቤ «እዮብ ይሆናል የከተተው» አለኝ። ላስቲኩን ስፈታው ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወደቀች፤ «ለወይንእሸት የዓይን ጠብታ» ትላለች፤ ሊብሬው የጠፋበት ሳምንት ቀን ተጽፎባታል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። የበሩ የውስጥ ቆዳ ተቀዶ ስለነበር ወረቀት እዚያ የምወትፈው እኔው ነበርሁ።

እዮብ ጎማ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቆምሁ። «እውነት ንገረኝ፣ ለምን ነበር?» አልሁት።

«ብሩክታይት ናት። መኪናዋ ከተነሣች ወንድሜ ይመጣ ይሆናል አለችኝ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር?»

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለኝ፤ እስከ ዛሬ ግን እንደ ቀድሞው አባባ ብሎ አይጠራኝም።

ማክሰኞ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያን ጊዜ ከነበሩት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉትን ሁለቱን ሕዝቡ ሳይበተን አቆምሁ። «ልጄ የማለው እውነት ነበር። ሐሰተኛው እኔ ነኝ» አልሁ። አንደኛው «ለእሱስ ነገርኸው?» አለኝ። ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

መኪናዋ ገና አላለቀችም። የግራው የፊት ፓራፋንጎ አልተገኘም፤ ምንይሉ ከላሜራ ቀጥቅጬ አወጣዋለሁ ይላል።

በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ብሩክታይት ትደውልልሃለች። እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ድምፄን መስማት ካልወደድህ ለእሷ ብቻ ንገራት፤ ሳልቀየም ወደ ደጅ እወጣለሁ። ሁለታችሁ እስክትጨርሱ እቆያለሁ፤ ከዚያ ገብቼ ደኅና መሆንህን ብቻ እጠይቃታለሁ። የምትለኝንም አምናታለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ከፊትህም ከኋላህም ትሁን። የዘራኸው ይብቀልልህ፣ ክፉ ሰው አይይህ።

አባትህ
ፋንታ ታዘበው