አልሄድ ያለው ፎቶ

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ኢሜሌ ዛሬም ተመለሰብኝ። «አባሪው ለደኅንነት ሲባል ታግዷል» ይላል፣ በእንግሊዝኛ። የላክሁት ቦምብ አይደለም። የገነተ ማርያም ገበሬዎች ለእንግዳ ማደሪያ የሠሯቸው ጎጆዎች ፎቶ ነው። ውጭ ያለው አስጎብኚ ድርጅት እስከ ዓርብ ካላየው የገናን እንግዶች ሌላ ቦታ ያሳድራል። ጣሪያውን ለመክደን በሬውን የሸጠ አለ።

ይሄ የሙሉቀን ተንኮል ነው። ኢንተርኔት ቤቱ የሱ ነው፤ አብረን ስናስጎበኝ ከተጣላን ወዲህ ዓይኔን ማየት አይፈልግም።

ማክሰኞ
ሙሉቀን እንዳይነካካው በይለፍ ቃል ቆልፌ ላክሁት። ያም ተመለሰ። ደጁ ላይ ቆሜ ሰው እየሰማ ምቀኛ፣ ሌባ አልሁት። ቀለል አለኝ።

ረቡዕ
የጎጆዎቹን ማኅበር የሚመሩት ቄስ መንግሥቱ በእግራቸው መጡ። «ልጄ፣ ፈረንጆቹ ምን አሉ?»
«አባ፣ ሙሉቀን ከለከለኝ።»
መስቀላቸውን ይዘው ቀጥታ ወደሱ ወሰዱኝ። ለኢሜል ሽምግልና ተቀመጥን።

ሙሉቀን ፍላሼን ሰክቶ አሳያቸው። ፍላሹ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው የሚውለው፤ አስጎብኚ ሁሉ እየተዋሰኝ በየኮምፒውተሩ ይሰካዋል።
«ይቺ ፎልደር የምትመስለው ቫይረስ ናት፣ አባ። ፎቶዎቹን ደብቃ በስማቸው የተቀመጠች ፕሮግራም። እሱ የሚልከው እሷን ነው። እዚያ የከፈታት ሰው ኮምፒውተሩ ይያዝበታል፤ ለዚህ ነው የኢሜሉ ማጣሪያ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የማያሳልፈው።»
«የቆለፍሁትስ?» አልሁ።
«የተቆለፈ ሳጥን ተሸክመህ አልከፍትም ብትል፣ የትኛው ዘበኛ ያስገባሃል?»
ቄሱ «ነገ ፎቶዎቹን አውጥተህ ላክለት» ብለው ለመኑት። ሙሉቀን እውነቱን መሆኑ ይብስ አናደደኝ።

ሐሙስ
መብራት የለም።

ዓርብ
መብራት ከሰዓት በኋላ መጣ። ሙሉቀን ፎቶዎቹን ከተደበቁበት አውጥቶ በየተራ ላካቸው። አንዱም አልተመለሰም።

ይቅርታ ልለው ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። እሱ ቀደመኝ።
«ለአባ ስል ነው። ኮምፒውተሮቼን የጨረስሃቸው አንተ ነህ፣ ሌባ የተባልሁት እኔ። ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይህ።»
«አታየኝም» ብዬው ወጣሁ።

ድርጅቱ የሚመልስልኝ በኢሜል ነው። በከተማው ሌላ ኢንተርኔት ቤት የለም። ቄስ መንግሥቱ ደግሞ መልሱን ሊሰሙ ነገ ጠዋት ይመጣሉ።